የመንገድ መሪው የእንግዳሸት ብራናዎች

የባዕድ ጦር በመጣ ጊዜ ጠላት በቋንቋው ይታወቃል፥ በመልኩ ይለያል፥ በአለባበሱም ከሩቅ ይታያል፤ ወንድም በወንድሙ ላይ በተነሣ ጊዜ ግን፥ ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፥ ጠላትና ወዳጅ ከአንድ ማዕድ ሲቆርሱ የኖሩ፥ በአንድ ደብር የተጠመቁ፥ በአንድ አያት ስም የሚምሉ ናቸውና፥ ሰይፍ የያዘ እጅ ማንን እንደሚመታ ራሱ አያውቅም። እንዲህ ባለው የመከራና የሁከት ዘመን መኰንን በሥልጣኑ ያመካኛል፥ ወታደርም በጌታው ትእዛዝ ይጠጋል፤ መኰንንም ወታደርም ያልሆነ፥ ስለ እውቀቱ ብቻ ከደጁ ተጠርቶ በሁለት ወገን መካከል የቆመ ሰው ግን የሚያመካኝበት ጌታ፥ የሚጠለልበትም ጥላ የለውም፤ እግሩ ወደ ፊት በሄደ ቍጥር ልቡ ወደ ኋላ ይመለሳል።

መሳፍንት እርስ በርሳቸው በሚፋጁበት በዚያ ክፉ ዘመን፥ በበሽሎ ገደል አፋፍ ላይ ገደመ ማርያም በምትባል መንደር፥ እንግዳሸት ወልደ ሐና የሚባል ጨው ነጋዴ ይኖር ነበር። ቀጭንና ረጅም፥ ንግግሩ ጥቂት፥ ዓይኑ ግን አንድ ስፍራ የማያርፍ ሰው ነበር። ከጕልማሳነቱ ጀምሮ አሞሌውን በበቅሎ ጭኖ ከደጋው ወደ ቆላው ሲወርድ፥ ከቆላውም ጥጥና በርበሬ ይዞ ሲወጣ ኖሮአልና፥ የዚያን ሸለቆ መንገድ እንደ ዳዊቱ ሸምድዶት ነበር፤ ወንዙ በየትኛው ወር በየትኛው መልካ እንደሚሻገሩት፥ ናዳው የቱን ቁልቁለት እንደሚዘጋ፥ ንዳድ የሚያድርበት ጥሻ የቱ እንደ ሆነ፥ ሁሉን ያውቅ ነበር። ሚስቱ ወይዘሮ ላቀች ከወዲያ ማዶ፥ ከቆላ ሚካኤል የመጣች የመሪጌታ ልጅ ነበረች፤ አባቷም ከወንዶቹ ደቀ መዛሙርት ጋር አስቀምጦ ፊደል አስቆጥሯት ነበርና ማንበብም መጻፍም ትችል ነበር።

የዚህ ቤት ክብርና አለኝታ ከፍየል ቆዳ በተሰፋ ማኅደር ውስጥ ተጠቅልሎ የሚኖር የብራና ጥቅል ነበር። በውስጡም የቀደመው ንጉሥ ለእንግዳሸት ቅድመ አያት ርስቱን ያጸናበት ጽሑፍ፥ ከጎረቤት ጋር ወሰን የተካለሉበት የእርቅ ቃል፥ የቅድመ አያቲቱ የእመት ወለተ ሥላሴ ኑዛዜ፥ የእርሱና የላቀችም የጋብቻ ውል ይገኙ ነበር። ክረምቱ በወጣ ጊዜ ላቀች ብራናዎቹን ከማኅደራቸው አውጥታ በፀሐይ ታሰጣቸዋለች፥ እያሰጣችም በዜማ ታነባለች፤ እንግዳሸትም የበቅሎ ኮርቻ እየጠገነ ያዳምጣል። በዚያ አገር በርስት የማይሟገት ሰው የለምና፥ ብራና የሌለው ባለርስት አጥር እንደሌለው አዝመራ ይቈጠር ነበር።

የአገሩ ገዥ በሞተ ጊዜ ሁለት ልጆቹ፥ ደጃዝማች አስራደና ደጃዝማች ወሰኔ፥ በአባታቸው አልጋ ተጣሉ፤ አስራደ ደጋውን ያዘ፥ ወሰኔም ማዶውንና ቆላውን ያዘ፤ ገደሉም በመካከላቸው እንደ ተሳለ ጐራዴ ተጋደመ። የአስራደ ግንባር ቀደም ጦር አዛዥ የነበረው ፊታውራሪ መሸሻ በገደመ ማርያም ሰፍሮ እንግዳሸትን አስጠራው። እንግዳሸትም ገብቶ እጅ ነሥቶ ቆመ።

«የዚህን ገደል መንገድ የሚያውቅ አንተ ነህ አሉኝ፤» አለው ፊታውራሪው።

«ጌታዬ፥ እኔ ጨው ነጋዴ ነኝ እንጂ ጦረኛ አይደለሁም። ጋሻም አላነግት፥ ጦርም አልሰብቅ።»

«ጦር የሚሰብቅማ ሞልቶኛል። ያጣሁት መንገድ የሚያይ ዓይን ነው። ሚስትህ ግን የወዲያ ማዶ ሰው ናት ይላሉ።»

«እውነት ነው፥ ጌታዬ። ወንድሟ ይመር የቆላ ሚካኤል ጭቃ ሹም ነው።»

«እንግዲያ መያዣ ስጠኝ።»

እንግዳሸት ከልጆቹ አንዱን የሚጠይቀው መስሎት ፊቱ ዐመድ መሰለ። ፊታውራሪ መሸሻ ግን ሥጋት ያዘለውን ፊቱን አይቶ ፈገግ አለ፤ «አይዞህ፥ ልጅ አልፈልግም» አለው፤ «ልጅ ያለቅሳል፥ ይታመማል፥ ይጠፋል። የርስትህን ብራና አምጣ። ብራና አያለቅስም፤ ባለቤቱን ግን ከልጅ ይልቅ አሥሮ ይይዛል።» ይህ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ሰውን ከየት እንደሚይዙት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ላቀች ማኅደሩን በሁለት እጇ ይዛ ከድንኳኑ ደጅ ድረስ መጣች፤ ለአሽከር አልሰጥም ብላም በፊታውራሪው በራሱ እጅ ላይ አኖረችው፤ «ጌታዬ፥ ይህ የሞቱት ሰዎቻችን አንደበት ነው፤ ከዝናምና ከአይጥ ይጠብቁልን» አለችው። እርሱም ጦሩ በተፈታ ቀን እንዳለ እመልሳለሁ ብሎ በደጃዝማቹ ስም ማለላት።

ከዚያ በኋላ እንግዳሸት የሠራዊቱ ዓይን ሆነ። ከጦሩ ቀድሞ በቅሎውን እየሳበ ይወርዳል፥ የእግር ኮቴ ይመረምራል፥ የወፎችን አነሣሥ አይቶ ሰው ያደፈጠበትን ያውቃል፤ አንድ ጊዜም የወሰኔ ሰዎች ድንጋይ ቈልለው ሊንዱበት ከተዘጋጁበት ቁልቁለት ጦሩን በጥበቡ መልሶ ብዙ የእናት ልጅ አተረፈ። ፊታውራሪውም አመሰገነው፥ ካባም አለበሰው። ነገር ግን እርሱ መንገዱን ባሳየ ማግሥት ጦሩ ያን መንገድ ተከትሎ ይወርዳል፤ ጦሩም በወረደበት መንደር ጎተራ ይከፈታል፥ በሬ ይነዳል፥ ክዳን ይቃጠላል። አንድ ቀን ከእንዲህ ያለው መንደር በጦሩ መካከል ሲያልፍ፥ ለበቅሎዎቹ ድርቆሽ ትሸጥለት የነበረች አንዲት ባልቴት በተቃጠለ ቤቷ ፊት ተቀምጣ አገኛት። እርሷም ቀና ብላ አየችውና፥ «እንግዳሸት፥ ዛሬ ጨው አላመጣህም?» አለችው። እርሱ በቅሎውን እየሳበ አለፈ።

ከዚያች ቀን ወዲህ ሰላም ከእርሱ ራቀ። ቢቀመጥ ይነሣል፥ ቢነሣ ይንቈራጠጣል፤ እንጀራውን ቈርሶ በእጁ እንደ ያዘ ይረሳዋል፤ በቅሎዎቹን ያለ ምክንያት ይጭናል፥ ያለ ምክንያትም ያራግፋል። እሄዳለሁ ቢል የአባቶቹ ርስት በሰው ድንኳን ይቀራል፤ እቆያለሁ ቢል ሕሊናው ከእርሱ ይሄዳል። ብራናውን በመያዣ የሰጠ እርሱ ነበር፤ የተያዘው ግን ብራናው እንዳልሆነ ቀስ በቀስ ተረዳ።

በዐቢይ ጾም መካከል የፊታውራሪው ጦር ስንቅ አለቀበት። ወታደሩ ሥራ ሥር እየቈፈረ ይበላ ጀመር፤ በረኃብ ጕልበቱ የከዳውም በየጥሻው ይወድቅ ነበር። በዚህ ጊዜ የቆላ ሚካኤል ሰዎች እህላቸውን፥ ከብታቸውን፥ ሴቶችና ሕፃናታቸውንም ይዘው ከመንደራቸው በታች ባለ ሰፊ ዋሻ እንደ ተሸሸጉ ወሬ ደረሰ። ፊታውራሪ መሸሻም እንግዳሸትን ጠርቶ፥ «ጨውህን ጭነህ ውረድ። ጠባቂው ስንት እንደ ሆነ፥ በየት በኩል እንደሚገባ አይተህ ና» አለው። እንግዳሸት፥ «ጌታዬ፥ ሕፃናት አሉበት» ቢለው፥ «የእኔም ወታደሮች እናት አላቸው፤ እየሞቱብኝ ነው» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም እውነት ተናገሩ፤ የእርስ በርስ ጦርነት መርዙም ይህ ነው፤ እውነት በሁለቱም ወገን ትቆማለች፥ ለማንም ግን አትፈርድም።

እንግዳሸትም ወረደ። ከዋሻው በታች ካለው ምንጭ ሲደርስ ይመር፥ የሚስቱ ወንድም፥ ጦሩን ተመርኵዞ ቆሞ ጠበቀው። ይህ ይመር በላቀች ሠርግ ቀን እኅቱን በበቅሎ አስቀምጦ ለእንግዳሸት ያስረከበ፥ ደረተ ሰፊ፥ ቍጡና ቅን ሰው ነበር። ሰላምታ አልሰጠውም።

«ምን ልትሸጥ መጣህ? ጨውህን ነው ወይስ እኛን?» አለው።

እንግዳሸት መዋሸትን አስቦ ተወው። ከዚያም በቅሎዎቹን ለቀቃቸውና፥ «እናንተን ነበር፤» አለ። «ልይና ልመለስ ተልኬ ነው። ከነገ ወዲያ ይወርዱባችኋል። ይመር፥ ሰዎቹን በምዕራብ በኩል አውጣቸው። እኔ ጦሩን በሸንተረሩ አዙሬ አመጣዋለሁ፤ ያ መንገድ ረጅም ነው።»

ይመር ሳቀ፥ ሳቁ ግን ደስታ አልነበረውም። «አሁንስ ገባኝ። ከዋሻው አውጥታችሁ ሜዳ ላይ ልታሰጡን! ደህና ዘዴ ነው። ምን መያዣ ትሰጠኛለህ?»

«መያዣ የለኝም።»

«መያዣ የሌለው ሰው ምን ሰው ነው!»

«መያዣዬ በሌላ ሰው እጅ ነው፥ ወንድሜ። ለአንተ የቀረኝ ቃሌ ብቻ ነው፤ ብትፈልግ ያዘው፥ ባትፈልግ በዚያ ጦር ውጋኝ።»

ይመር ጦሩን አነሣ፥ ደግሞም አወረደ። ምራቁን እንትፍ ብሎ ጀርባውን ሰጠውና ወደ ዋሻው ወጣ፤ እሺም አላለው፥ እምቢም አላለው። እንግዳሸትም ያ ሕዝብ ይውጣ ወይም ይቅር ሳያውቅ፥ ልቡ በሁለት ስለት መካከል እንደ ተያዘ፥ ዳገቱን ተመለሰ።

ለፊታውራሪውም የታችኛው መንገድ በናዳ ተዘግቷል ብሎ ነገረው፤ ያን ጊዜ በሕይወቱ ስለ መንገድ የመጀመሪያውን ሐሰት ተናገረ። ጦሩም በሸንተረሩ ተጓዘ። ፀሐይ ትነድዳለች፥ ድንጋዩ እግር ይፈጃል፥ የተራበው ወታደር በቁልቋል ጥላ ሥር እየወደቀ በዱላ ይነሣል። እንግዳሸት ከፊት ሆኖ ይመራል፤ አንዳንዴ ፈጥኖ ይራመዳል፥ ወዲያውም ምን እንደሚያደርግ አስታውሶ እርምጃውን ያዘገያል፤ አንዳንዴም ከዋሻው በላይ ጢስ ይታይ እንደ ሆነ አንገቱን ያሰግጋል። ፊታውራሪ መሸሻ ከበቅሎው ላይ ሆኖ ጀርባውን ሲመለከተው ዋለ። ከዋሻው በደረሱ ጊዜ በውስጡ አንዲት አንካሳ በግና ሊሸከሙት ያልቻሉት ጥቂት ማሽላ ብቻ ተገኘ። ፊታውራሪው በጐራዴው ጫፍ ዐመዱን ገለጥ ቢያደርገው ፍሙ ገና ቀይ ነበር።

«ይህ እሳት ዛሬ ጧት የነደደ ነው፤» አለ ቀስ ብሎ። «እንግዳሸት፥ ማን ነገራቸው?»

ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት በሐሰት ይምላል። እንግዳሸት ግን ሕዝቡ እንደ ወጣ በዓይኑ ባየ ጊዜ ከብዙ ወራት ወዲህ ጠፍታበት የነበረች ትንፋሽ ተመለሰችለትና፥ «እኔ ነገርኋቸው፥ ጌታዬ» አለ።

ወታደሮቹ ጮኹ፥ ገመድም መጣ። የፊታውራሪው የንስሐ አባት ግን መስቀላቸውን ይዘው በመካከል ገቡ፤ «ልጄ፥ በጾም የሰው ደም አታፍስስ» ብለው ለመኑ። መሸሻም እጁን አንሥቶ ሁሉን ጸጥ አሰኘ፤ «አንገቱ አያስፈልገኝም» አለ፤ «መያዣውን አምጡ።» ማኅደሩም መጣ፤ በቃሉ እንደ ማለው ዝናም ያልነካው፥ አይጥም ያልቀመሰው ነበር። በዋሻው አፍ እሳቱን አስነድዶ ጸሐፊውን ጠራና፥ «እያንዳንዱን አንብብለት፤ ምን እንዳጠፋ ይስማ» አለው። ጸሐፊውም የንጉሡን ጽሑፍ አነበበ፥ በእሳትም ተጣለ፤ ብራናው እንደ ሕያው ሥጋ ተኰማተረ። የወሰኑን እርቅ አነበበ፥ በእሳትም ተጣለ። የእመት ወለተ ሥላሴን ኑዛዜ አነበበ፤ በውስጡም እንዲህ የሚል ነበር፤ «ልጆቼ በርስቴ አይጣሉ። የተጣሉ እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ ይቅር ላለው ይድላ።» በዚህ ቃል ወታደሮቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ከእነርሱ መካከል ወንድሙ በወሰኔ ጦር ውስጥ ያለ ብዙ ነበርና። የፊታውራሪውም እጅ ለአንድ አፍታ በእሳቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ነገር ግን ሠራዊት እያየው ነበርና ጣለው። በመጨረሻ የጋብቻው ውል ወጣ። እርሱን ለእንግዳሸት ወረወረለትና፥ «የከዳኸኝ ስለ እርሷ አይደል? ያዘው፤ እርሷን አልነጥቅህም» አለው።

ሊመለሱ በተነሡ ጊዜ የወሰኔ ጦር ሸንተረሩን ይዞ ታየ። ጦሩ በገደሉ ውስጥ ተዘጋ፤ መውጫውን የሚያውቅ ያው ርስቱ ገና አሁን የተቃጠለበት ሰው ብቻ ነበር። መሸሻ ወደ እርሱ ቀርቦ፥ ትእዛዝ ይሁን ልመና በማይለይ ድምፅ፥ «አውጣን» አለው። እንግዳሸትም ቀደመ። በቁልቋሉ መካከል መንገዱ ወደ ሁለት በተከፈለበት ስፍራ ቆመ፤ የግራው ወደ ደጋው ይወጣል፥ የቀኙ ጥቂት ከወጣ በኋላ በገደል ይቈረጣል፤ የሚከተለው ሁሉ ለይቶ አያውቅም። የተቃጠለው ብራና ሽታ ገና ከልብሱ አልወጣም ነበር። ወደ ኋላው ቢመለከት በቅርቡ ያለው ወታደር ከንፈሩ በረኃብ የተሰነጠቀ የገበሬ ልጅ ነበር፤ እርሱም በሙሉ እምነት ዓይን ዓይኑን ያየው ነበር። እንግዳሸት በግራ ወጣ። ከደጋው አፋፍ በደረሱ ጊዜ ፊታውራሪ መሸሻ በቅሎዎቹን ወረሰበት፥ ሰውየውን ግን በነጻ ለቀቀው፤ እስኪለያዩም ድረስ ፊቱን አላየውም።

ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ላቀች አንዱን ብራና ብቻ በእጁ አይታ የሆነውን ሳይነግራት አወቀች። ሁሉን ከነገራት በኋላ የምስጋና ቃል አልወጣትም፤ «ወንድሜን አተረፉልኝ፤» አለችው፤ «ልጆቼን ግን አራቈቱብኝ።»

«ምን ላደርግ ኖሯል፥ ላቀች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ደግ አደረጉ። ደግ ማድረግዎ ግን ጎተራ አይሆነኝም። ዛሬ ተዉኝ፥ ላልቅስበት።»

እነሆ፥ በተከታዩ መስከረም ሁለቱ ደጃዝማቾች ታረቁ፤ የአንዱ ልጅ ለሌላው ሚስት የወንድም ልጅ ተዳረች፥ በሠርጉም ፊታውራሪ መሸሻና ጭቃ ሹም ይመር በአንድ ዳስ ጠጅ ጠጡ። የተቃጠለውን መንደር የጠየቀ፥ የሞተውንም የጠራ አልነበረም። የእንግዳሸት የአጎቱ ልጅ ደምሰው ግን ብራናው እንደ ጠፋ ሰምቶ ነበርና ርስቱ የእኔ ነው ብሎ ከሰሰ። ዳኛው በዋርካው ሥር ተቀምጦ፥ «ሰነድ አለህ?» ብሎ ጠየቀ፤ «የለኝም፥ ተቃጠለ» አለ እንግዳሸት። ላቀች ተነሥታ የንጉሡን ጽሑፍ ከአርእስቱ እስከ ማኅተሙ በቃሏ ወጣችው፤ ሸንጎውም ተደነቀ። ዳኛው ግን ራሱን ነቅንቆ፥ «እመቤቴ፥ ቃልሽ መልካም ነው፤ በባለጉዳይ ሚስት ቃል ግን ርስት አይጸናም» አላት። ርስቱም ለደምሰው ተፈረደ፤ ከቤቱና ከጓሮው በቀር የተረፈላቸው አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ይመር አህዮች አስከትሎ ዳገቱን ወጣ። ከደጃፉም ቆሞ፥ «ዕቃችሁን ጫኑ» አለ።

እንግዳሸት ትኩር ብሎ አየው። «ያን ቀን አምነኸኝ ነበርን?»

«አላመንሁህም።»

«እንግዲያ ለምን አወጣሃቸው?»

«አማቼ ውሸታም መሆኑን ለማወቅ ብዬ ሕፃናት አላስይዝም፤ ስለዚህ ነው። ሰዎቹ ከነሕፃኖቻቸው ተርፈው አሁን በወንዙ ዳር ጥሻ እየመነጠሩ ናቸው፤ ለእናንተ ነው። ቆላ ነው፥ ንዳድ አለበት፤ መሬቱ ግን ያበቅላል። ትመጣላችሁ ወይስ እዚህ ሆናችሁ የሰው አዝመራ ትቈጥራላችሁ?»

ላቀች ወንድሟን አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፤ እነርሱም ወረዱ። የመሬቱ ስጦታ በቆላ ሚካኤል ካህናትና ሽማግሎች ፊት በተነገረ ጊዜ በብራና የጻፈችው ላቀች ራሷ ነበረች፤ እንግዳሸት የተቃጠለውንም ጨምሪበት ቢላት፥ «እርሱ ለዳኛም አልበቃ፤ የሰጡንን ሰዎች ስም ልጻፍ» ብላ ከዋሻው የወጡትን አባወራዎች በየስማቸው ምስክር አድርጋ አስገባቻቸው። በዚያ ቤት ዛሬ የሚገኙት የቀደሙ ጽሑፎች ይህና የጋብቻው ውል ብቻ ናቸው። እንግዳሸት እስከ እርጅናው ድረስ ጥጥ ዘራ፥ ልጆች ዳረ፤ ዕረፍት ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰችለትም፤ በእርሻው መካከል ድንገት ቀጥ ብሎ ሸንተረሩን ይመለከት፥ ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ባገኘ ጊዜም ከሰላምታው አስቀድሞ «ከኋላህ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የመሳፍንት ልጆች መንገድ ምራን ብለው ደጁን በመቱ ጊዜ ሁሉ እርጅናውን እያመካኘ ይመልሳቸው ነበር፤ መንገድ የሚያውቅ ሰው በየአገሩ ብዙ ነው፥ ማንን ወዴት እንደማይመራ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ እርሱም እውቀቱን በርስቱ ይገዛዋል።